የእትዬ የሺመቤት ኩሬ

እትዬ የሺመቤት የኩሬው ባለቤት ናቸው። መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ የበግ ጠጉር እየፈተሉ ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ ሸማኔዎች የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልነበራቸው ሴት ነበሩ። ጋሼ በላቸው በአንዲት አህያ ውሃ እየቀዱ ለየቤቱ የሚያደርሱ የሰፈራችን ውሃ ሻጭ ናቸው። ወይዘሮ ጥሩነሽ ፊት ለፊት የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ድምፃቸው ግን ሁልጊዜ ከእውነቱ ቀድሞ ይደርስ ነበር። እናቴ አበበች ትባላለች፤ ልብስ አጥባ በማንጣት የሚደርስባት አልነበረም። አምስተኛው እኔ ጌታነህ ነኝ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስሜን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ለመደበቅ አይደለም፤ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ነው።

ባለፈው የካቲት ለለቅሶ መሐል ሜዳ ሄጄ ነበር። ካደርኩበት ቤት ጓሮ አንድ ጎረምሳ የውሃ ታንከር ገልብጦ ሲያጥብ ደረስኩ። ከታንከሩ ሥር የወጣው ጥቁር ዝቃጭ የቆየ ውሃና የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል፤ ትንሽም ብረት ብረት ይላል። ቆሜ ቀረሁ።

"ምን ጠፋብዎት ጋሼ?" አለኝ ልጁ።

"ምንም አልጠፋብኝም፤ ሥራህን ሥራ" አልኩት።

ይህም ውሸት ነው። ልጆቼን ዋሻችሁ እያልኩ ስቀጣ ኖሬአለሁ። ስለዚህ ያችን አንዲት በልግ እንደ ሆነችው አድርጌ እጽፍላቸዋለሁ።

እትዬ የሺመቤት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የውጭ አገር ሰዎች ቤት ተቀጥረው ሠርተዋል። ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለሌሎቹ ሠራተኞች ልብስና ዕቃ አከፋፈሉ። እትዬ ግን በግቢው ገንዳ ውስጥ ካሉት ቀይ ዓሦች አምስቱን ስጡኝ ብለው ለመኑ። ዓሦቹን በወተት ቢዶን ይዘው፣ ቢዶኑን ጭናቸው ላይ አድርገው በአውቶቡስ መጡ። ረዳቱ "እትዬ፣ ውሃው ይፈሳል፤ ፖርቶመጋላ ላይ ይጫን" ቢላቸው "አንተ ልጅህን ፖርቶመጋላ ላይ ትጭናለህ?" አሉት ይባላል። ይህን ታሪክ ራሳቸው አልነገሩኝም፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን እየሳቀ ይተርከው ነበር።

ኩሬውን ጓሯቸው ውስጥ በድንጋይና በሲሚንቶ አሠሩት። ስፋቱ ከአንድ የልጅ አልጋ አይበልጥም፤ ጥልቀቱ ግን እስከ ደረቴ ይደርስ ነበር። ጥልቅ ያደረጉት አገራችን ውርጭ ስለሆነ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የኩሬው ፊት እንደ መስታወት በስስ በረዶ ይሸፈናል። ዓሦቹ ከሥር ተኝተው ክንፋቸውን እንኳ በግድ ያንቀሳቅሳሉ። አምስት የነበሩት በእኔ ጊዜ አሥራ ሦስት ሆነው ነበር።

እኔ በልጅነት ሐሳቤ ዓሦቹ ጾመኞች ናቸው ብዬ አምን ነበር። እትዬ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ አያበሏቸውም። ያ ደግሞ ልክ ጾመ ነቢያት የሚገባበት ጊዜ ነው። ለጓደኞቼ ሁሉ "የእትዬ የሺመቤት ዓሦች ከእናንተ ይሻላሉ፤ አንድ ቀን አይገድፉም" እያልኩ እናገር ነበር። በዚያ ዓመት ግን የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ላይ እትዬ ገና በጠዋት የገብስ በሶ በጣታቸው ቆንጥረው ሲበትኑላቸው አየሁ። ቀዮቹ ከሥር ተነሥተው አፋቸውን እየከፈቱ ለቀሙት። ደነገጥኩ።

"እትዬ፣ ሁዳዴን ሊሽሩ ነው?"

እትዬ እንዝርታቸውን አቁመው አዩኝ። "ማናቸው?"

"ዓሦቹ።"

ሳቃቸውን ለመዋጥ ሞከሩ፤ አልተዋጠላቸውም። "ልጄ፣ ዓሣ አይጾምም። ሲበርደው ሆዱ ስለማይፈጭ ነው የማላበላው። አሁን ፀሐዩ ሲጠና ይርበዋል። ይልቅ በልግ ከመግባቱ በፊት ቤታቸውን እናጸዳለን፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ና።"

"እናጸዳለን" ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር እንዲህ ሲነጋገር ያኔ የተለመደ አልነበረም። ልጅ ይታዘዛል፤ አለቀ።

ሥራው አሥር ቀን ያህል ፈጀ። የመጀመሪያው ቀን ዓሦቹን በወንፊት እየጠለፍን ወደ በርሜል አዛወርን። በርሜሉ ውስጥ ያለው ከራሱ ከኩሬው የተቀዳ ውሃ ነበር። እትዬ "አሮጌ ውሃ ለዓሣ ዘመዱ ነው፤ ከዘመዱ በአንዴ አይነጠልም" አሉኝ። ከዚያ በየቀኑ አንዳንድ ጣሳ አዲስ ውሃ እየጨመሩ አለመዷቸው። ኩሬውን በባልዲ ቀድተን አጎደልነው። ሥሩ ላይ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚደርስ ጥቁር ጭቃ ነበር። በአካፋ እያወጣሁ ለነጭ ሽንኩርቱ መደብ አለበስኩት። ሽታው እጄ ላይ ሦስት ቀን ቆየ፤ እናቴ ማዕድ አታስቀርበኝም ነበር።

ውርጭ የሰነጠቀውን ግድግዳ እትዬ ራሳቸው ጠገኑት። ስንጥቁን በሚስማር ይጭራሉ፤ በውሃ ያርሳሉ፤ በአውራ ጣታቸው ሲሚንቶ ይሞላሉ፤ እርጥብ ጆንያ ያለብሱታል። በአራተኛው ቀን ጆንያውን አንሥተው ሦስት ጊዜ አጠቡት። "ትኩስ ሲሚንቶ ዓሣ ያቃጥላል" አሉ። ማንም አላስተማራቸውም። ሁለት ዓመት ዓሣ ሞቶባቸው፣ ለምን ሞተ ብለው ጠይቀው፣ በሦስተኛው ያወቁት ነው። መጽሐፍ የማያነብ ሰው እንዲህ ሲማር ያየሁት መጀመሪያ በእሳቸው ነው። እኔም ከአራተኛ ክፍል ወዲያ የተማርኩትን ሁሉ የተማርኩት በዚሁ መንገድ ነው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ግድግዳው ላይ አጭር ጠጉር የመሰለ አረንጓዴ የውሃ ሣር በቅሎ ነበር። እትዬ "እሱን አትንካው፤ ምግባቸው ነው" አሉኝ። እኔ ግን ሊያለፉኝ ስላልፈለጉ ያሉት መሰለኝ። ጽዳት ማለት ለእኔ ንጣት ነው። እናቴ ለፋሲካ ልብስ ስታነጣ አይቼ አድጌአለሁና ነጭ ያልሆነ ነገር የጸዳ አይመስለኝም።

ቅዳሜ እትዬ ፈትላቸውን ይዘው ገበያ ሄዱ። እኔ እናቴ ከቆላ ሰዎች ገዝታ በጣሳ ያስቀመጠችውን የደረቀ እንዶድ ወሰድኩ። ሙሉ ጣሳ ነው፤ ለፋሲካ ያዘጋጀችው። ወቅጬ በባልዲ ስዘፈዝፈው አረፋው እስከ አፉ ሞላ። ኩሬው ውስጥ ወርጄ ግድግዳውን በጭድ ፈገፈግኩት። አረንጓዴው ሁሉ ሄደ። ድንጋዩ ነጣ። የቀረውን አረፋ ለንጣት ይርዳ ብዬ እዚያው ወለሉ ላይ ደፋሁትና ፀሐይ አደረቀው። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እትዬ ከገበያ ሲመለሱ ኩሬው ጫፍ ላይ ቆመው አዩት።

"ማነው ያነጣው?"

"እኔ ነኝ።"

"በምን?"

የእናቴ ጣሳ ትዝ አለኝ። "በውሃና በጭድ" አልኩ።

ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። ሣሩ እንዲቀር ፈልገው ነበርና። ነገር ግን የልጅ ልፋት አይናቅም ብለው ነው መሰለኝ፣ "ይሁን፤ ድጋሚ ይበቅላል። እጅህ ይባረክ" አሉኝ። በውሸት ላይ የተቀበልኩት ምርቃት የመጀመሪያዬ ያ ነው።

ሰኞ ጋሼ በላቸው ከምንጩ አሥር ጭነት ውሃ አመጡ። አህያቸው አራት ጀሪካን ትይዛለች። ኩሬው ሞላ። ከዚያው ውሃ እትዬ ለበርሜሉም ጨመሩ። ማክሰኞ ከአሥራ ሦስቱ አሥራ አንዱን ወደ ኩሬው መለስናቸው። ሁለቱ ክንፋቸው ተጎድቶ ስለነበር እስኪያገግሙ በርሜሉ ውስጥ ቀሩ።

ረቡዕ ጠዋት አሥራ አንዱም ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አዙረው ተንሳፍፈው ነበር።

እትዬ አላለቀሱም። አንድ በአንድ በእጃቸው አነሡና ባና ላይ አስተኟቸው። እየቆጠሩ አልነበረም፤ ስም እንደሚጠሩ ነበር ከንፈራቸው የሚንቀሳቀሰው። በዚህ መሃል ወይዘሮ ጥሩነሽ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

"ምን ሆኑ የሺ?"

"ሞቱ።"

"ውሃው ነው" አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ ወዲያው። "በላቸው ወደ ምንጩ መውጣት ታክቶታል፤ ከታች ከብት ከሚጠጣበት ነው የሚቀዳው ሲሉ ሰምቻለሁ። ለእኔም እኮ ትናንት ከዚያው አምጥቶልኛል!"

እስከ ቀትር ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ሐሙስ ጠዋት ጋሼ በላቸው አህያቸውን ጭነው ሲዞሩ በር ሁሉ ዝግ ሆነባቸው። በእኛ ደጅ ሲደርሱ እናቴ እንኳ "ዛሬ አያስፈልገንም ወንድሜ" አለች።

"አበበች፣ አንቺም?"

"ሰው ምን ያድርግ? ልጅ አለኝ።"

"በፊትሽ ልጠጣው?" አሉና ጀሪካኑን ከፍተው ቆሙ። ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብለው መልሰው ገጠሙት። ሰዓቱ ገና ሦስት ነበር። ሁዳዴ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀመስም። ውሃቸውን ቀምሰው እንዳያሳዩ ጾሙ ከለከላቸው። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ደግሞ ማን ይጠብቃል? ፈገግ ብለው "ለዓሣ ቀርቶ ለአይጥ የሚሆን መርዝ መግዣ እንኳ የለኝም" አሏትና አህያይቱን ነድተው ሄዱ። እናቴ አልሳቀችም።

እስከዚህ ድረስ እኔም ውሃው ይሆናል ብዬ አምን ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ ግን እናቴ እንዶዷን ብትፈልግ አጣችው። "አይጥ ጣሳ ይበላል እንዴ?" እያለች ሌላ ገዝታ ወደ ወንዝ ይዛኝ ወረደች። ጋቢውን ስታጥብ አረፋው ወደ ታች ይወርዳል። ከታች ጥግ ላይ የተጠራቀሙት የእንቁራሪት ግልገሎች፣ እነዚያ ጭራ ያላቸው ጥቁር ጥቁር ነገሮች፣ ተገልብጠው መንሳፈፍ ጀመሩ።

"እማዬ፣ ምን ሆነው ነው?"

"እንዶዱ ነዋ። አልቅትም የሚገድለው እሱ አይደል?" አለች፤ ቀና እንኳ አላለችም።

የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ያን ቀን ማታ እናገራለሁ አልኩ፤ አልተናገርኩም። ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ ሐሙስም አልተናገርኩም። ስለዚህ አንድም ማመካኛ አላቀርብም። አለማወቅ ዓሦቹን ገደለ፤ ያ የልጅ ጥፋት ነው፤ ይቅር ይባላል። እያወቁ ዝም ማለት ግን ሌላ ነው። እኔ አራት ቀን ሙሉ ጋሼ በላቸው ያልተሸጠ ሙሉ ጀሪካን እንደ ጫኑ ሲመለሱ በመስኮት እያየሁ ቆሎዬን ቆረጠምኩ። መጀመሪያ አንዲት በጋቸውን ሸጡ። ቀጥሎ አህያይቱን ቅዳሜ ገበያ ሊያወጧት ነው ተባለ። አህያይቱ ከሄደች ጋሼ በላቸው ሥራ የላቸውም፤ ይህን ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅም ያውቀዋል።

ዓርብ በስድስት ሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ጠሩኝ። በርሜሉ አጠገብ ተቀምጠው ይፈትሉ ነበር።

"ጌታነህ፣ እስኪ እይ። እነዚህ ሁለቱ ይዋኛሉ አይደል?"

"ይዋኛሉ።"

"ውሃቸው የማን ነው?"

"የጋሼ በላቸው።"

"በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጀሪካን የመጣ ነው። ውሃው ገዳይ ቢሆን እነዚህም በሞቱ። ስለዚህ ውሃው አይደለም፤ ኩሬው ነው።" እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉት። "ኩሬውን የጠገንኩ እኔ ነኝ። ሲሚንቶውን በደንብ ሳላጥበው ቀርቼ ይሆናል። ነገ በላቸው አህያይቱን ከማውጣቱ በፊት በየቤቱ ዞሬ ገዳይዋ እኔ ነኝ ልላቸው ነው። አንተን የጠራሁህ በርሜሉን እንድትጠብቅልኝ ነው።"

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እንዶዱን፣ ጣሳውን፣ ጭዱን፣ ውሸቱን፣ ወንዝ ላይ ያየሁትን ጭምር። እያለቀስኩ ስለነበር ሁለት ጊዜ ደግመህ ንገረኝ አሉኝ።

ዱላ ጠበቅኩ። እትዬ ግን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ካወቅህ ስንት ቀን ሆነህ?"

"አራት።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። የከበደኝ ያ መነቅነቅ ነው። ከዚያ ተነሥተው ከቤት ትልቅ የማር ማሰሮ፣ ያውም የብርጭቆውን፣ አምጥተው ከበርሜሉ ውሃ ሞሉት። ሁለቱን ዓሦች በእጃቸው ጠልፈው ከተቱ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሲገባኝ "እትዬ፣ እነዚህም እንዳይሞቱ! ገና አልዳኑም" አልኩ።

"ይሞቱ ይሆናል" አሉ። "በላቸው ግን አምስት ልጅ አለው። ያዝ፤ አንተ ነህ የምትሸከመው። በየበሩ ያደረግኸውን አንተ ትናገራለህ። እኔ ከኋላህ እቆማለሁ።"

መጀመሪያ ጋሼ በላቸው ቤት ሄድን። አህያይቱን እያጠቧት ነበር፤ ለገበያ። ስጨርስ "እኔ እኮ ይህን ሁሉ ቀን ምንጩን ነበር የምጠረጥረው፤ ምንጩን ይቅርታ ልጠይቀው ነው" አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተከተሉን።

ከሰፈሩ አንድ ቤት ሳንዘል ዞርን። ማሰሮው ይከብዳል፤ ዓሦቹ ወዲያና ወዲህ ይላተማሉ። በየበሩ "ዓሦቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ በእንዶድ ነው፤ የጋሼ በላቸው ውሃ ንጹሕ ነው" እላለሁ። በሦስተኛው ቤት ድምፄ ጠፋ፤ እትዬ "ከፍ አድርግ፤ ሐሜቱ ከፍ ብሎ ነው የዞረው" አሉኝ። ከየቤቱ የወጡት ሰዎች ማሰሮው ውስጥ አጎንብሰው ያያሉ። ለሚጠራጠሩት እትዬ "በላቸው ጾመኛ ነው፤ ቀምሶ አያሳያችሁም። እነዚህ ጾመኞች አይደሉም። ይኸው፣ ውሃውን ሲጠጡት እዩ" ይላሉ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ በር ላይ ስንደርስ ገና ሳልጨርስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "በል ተወው፤ ሰምቻለሁ። በላቸው፣ ምላሴን ምን ላድርገው? ብቆርጠው ባለቤቴ ደስ ይለዋል።"

"አይቆረጥ፤ እንዳወራሽብኝ አሁን ደግሞ አውሪልኝ" አሉ ጋሼ በላቸው።

ወይዘሮ ጥሩነሽ አወሩላቸውም። እውነቱን የሰፈሩ ሰው የሰማው ከእኔ ይልቅ ከእሳቸው ነው። የአንድ ወር የውሃ ዋጋም በቅድሚያ በሰው ፊት ቆጥረው ሰጧቸው። አህያይቱ ቅዳሜ ገበያ አልወጣችም።

የመጨረሻው በር የራሳችን ነበር። እናቴ ስለ ጣሳው ስትሰማ ጆሮዬን ይዛ አስገባችኝና አለንጋ አወረደች። ተገቢ ነበር አይደለም አልልም። እኔም ልጆቼን ገርፌአለሁና። ነገር ግን እውነቱን ለመጻፍ ነው የተቀመጥኩት፦ የዚያን ቀን ግርፋት የቱን ያህል እንዳመመኝ ዛሬ አላስታውስም። በሮቹን ግን አንድ በአንድ፣ የማን በር ሰማያዊ እንደነበረ፣ የማን ውሻ እንደጮኸ ሳይቀር አስታውሳለሁ። ይህን እያወቅኩ ለልጆቼ ለምን አለንጋውን መረጥኩ? ምናልባት አለንጋ አሥር ደቂቃ ስለሚፈጅ ነው። እትዬ የሺመቤት ያደረጉት ግን ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ከልጁ ጋር አብሮ መቆምንም ይጠይቃል።

ከሁለቱ ዓሦች ትልቁ በዚያው ማታ ሞተ። ትንሹ እስከ እሑድ ቆየ። በማግስቱ የበልጉ ዝናብ ጣለ፤ ከጣራው የወረደው ውሃ ደጋግመን አጥበን ባዶ ያደረግነውን ኩሬ እስከ አፉ ሞላው። እትዬ አጠገቡ ተቀምጠው እየፈተሉ "ውሃውስ ያምራል" አሉኝ። ከዚያ በኋላም ከጓሯቸው አላባረሩኝም።

አሁን ልደምረው። እትዬ የሺመቤት አሥራ ሦስት ዓሣ ከፈሉ። ጋሼ በላቸው የዘጠኝ ቀን ገቢ፣ አንዲት በግና ነገሩ ከተጣራ በኋላም ያልተመለሱላቸው ሁለት ደንበኞች ከፈሉ። ወይዘሮ ጥሩነሽ የአንድ ወር የውሃ ዋጋ፣ እናቴ አንድ ጣሳ እንዶድ ከፈሉ። እኔ አሥራ ዘጠኝ በር ከፈልኩ። ከሁሉም ያነሰው የእኔ ነው።